ሲወለድ ያረጀ ጊታር ትገዛላችሁ?

ሰባተኛ_ፍሬት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ስትራቶካስተር (ስትራት የምንለውን የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር) ልገዛ ነው። በጀቴ አዲስ አሜሪካ ሠራሽ ፌንደር ያስገዛኛል። ትንሽ ከጨመርኩበት ደግሞ እዚሁ አካባቢ አንድ ሰውዬ የሚሸጠው የፌንደር ከስተም ሾፕ (ልዩ ጊታሮች የሚሠራው ክፍሉ) ሬሊክ አለ። ሬሊክ ማለት ፋብሪካው ሆን ብሎ አስረጅቶ የሚሸጠው ጊታር ነው። ይሄኛው ደግሞ ያገለገለ ነው። እንደውም ሁለት ጊዜ ያገለገለ ነው፤ አንዴ በፋብሪካ፣ አንዴ በሰውዬው። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ብረታ ብረቱ ደብዝዟል። የኔኩ (በግራ እጅ የሚያዘው ረጅሙ አንገት) ጀርባ ባዶ እንጨት ነው ማለት ይቻላል።

ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት «ይሄን ነው በገንዘብ የምትገዛው? ማን ጥሎት ነው?» አለችኝ። የባንዱ ልጆችም ለሁለት ተከፍለዋል። እስቲ የእናንተን ልስማ። የተቀደደ ጂንስ ምሳሌ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ባይደክም ደስ ይለኛል። ሰምተነዋል።

ፒክ_ጠፋኝ (አዲስ አበባ)

ሳይዘምቱ ፉከራ። እኔ ጋ ያለው መልስ ይሄው ነው።

ሚሚ_ቴሌ (አትላንታ)

ፒክ ጠፋኝ፣ ይዘህ ተጫውተህበት ታውቃለህ ወይስ በፎቶ ነው የምትፈርደው?

እኔ አንድ ሬሊክ ቴሌካስተር (ሌላው የፌንደር ጊታር) አለኝ። የገዛሁት ለመልኩ አይደለም፤ ለኔኩ ነው። ብዙ አዲስ ጊታሮች የኔካቸው ጠርዝ ሹል ነው። ግራ እጅህ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል አመልካች ጣትህ ሥር ጠርዙ ይቆረቁርሃል። ለዓመታት የተጫወቱበት ጊታር ላይ ግን ያ ጠርዝ ተድቦልቡሎ ታገኘዋለህ። ጥሩ ሬሊክ ላይ ሠራተኛው ይሄንን በእጁ ነው የሚያድቦለቡለው። የኔኩ ጀርባ ላይ ያለውም አብረቅራቂ ላከር (ቅብ) ተፍቆ ስለሚነሳ እጅ ሲያልብ አይጣበቅም። ሠርግ ላይ ማታ ጀምረህ እስክስታው እስኪበርድ የምትጫወት ከሆነ ልዩነቱን እጅህ ራሱ ይነግርሃል።

ሌላው፣ አዲስ ጊታር ላይ የመጀመሪያዋ ጭረት ታማለች። ይሄኛው ላይ ጭረት ቢጨመር ማን ያየዋል? መድረክ ላይ ሳልሳቀቅ ነው የማነሳው።

ፒክ_ጠፋኝ

እሺ እቱ፣ አልካድኩም። ኔኩ ይመቻል። ግን ለኔኩ ከሆነ ቦዲውን (አካሉን) ለምን ይደበድቡታል? አሁን እኮ ፌንደር አዲሶቹንም የኔካቸውን ጠርዝ እያድቦለቦለ ነው የሚያወጣቸው። አሜሪካን ፕሮፌሽናል 2ን ያዢው። ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ አይቆረቁርም፣ ዋጋው ደግሞ ከአዲስ ከስተም ሾፕ ሬሊክ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ሚሚ_ቴሌ

ጌጥ ቢሆንስ? ቀለምም ጌጥ ነው። ቀይ ጊታር ከነጭ ጊታር ይበልጥ ይጮኻል እንዴ?

የድሮው_ቤዝ (ሎስ አንጀለስ)

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘመን በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ክለብ የሚሠራውም ቢሆን አብዛኛው የክለቡን መሣሪያ ነበር የሚይዘው። አንድ ጊታር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። አንዱ ይለቀዋል፣ ሌላው ይረከባል። ክር እንኳ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተበጠሰውን ቋጥረን የተጫወትንበት ጊዜ አለ። የተላጠ ጊታር ይዞ ሕዝብ ፊት መቆም ያሳፍር ነበር። ስለዚህ ሰው ጋራዥ ይወስደውና የመኪና ቀለም ያስቀባዋል።

ዛሬ ወጣቶች ይሄን ስነግራቸው ይስቃሉ። መሳቂያ ግን አይደለም። ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ልዩ ቀለም ለሚያዝዝ ደንበኛ የሚቀባው ዱፖንት የሚባለውን ኩባንያ የመኪና ቀለም ነበር። የካዲላክ ቀለም የተቀባ ስትራት ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ።

እና እኛ ያፈርንበትንና የሸፈንነውን ልጣጭ ዛሬ ሰው 4,000 ዶላርና ከዚያ በላይ እየከፈለ ይገዛዋል። አልናደድም። ይገርመኛል ብቻ።

ሰባተኛ_ፍሬት

ጋሼ፣ ጋራዥ የተቀባ ጊታር እርስዎ ጋ ዛሬም ካለ ፎቶውን ይለጥፉልን እንጂ!

የድሮው_ቤዝ

ሸጬዋለሁ የኔ ልጅ። ሠማያዊ ነበር። የገዛው ሰው ቀለሙን ልጦ ጣለው አሉ።

ሚኒያፖሊስ_ብርድ

የድሮውን ቤዝ ካነበብኩ በኋላ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ባንከራከር ይሻላል።

የፌንደር ከስተም ሾፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሬሊክ የሚባለው መስመር የወጣው በ1995 ነው። የመጀመሪያዎቹን ፌንደር በራሱ ፋብሪካ ውስጥ አላስረጃቸውም። ቪንስ ኩኔቶ የሚባል ባለሙያ ሚዙሪ ውስጥ ቦዲውንና ኔኩን እየቀባና እያስረጀ ይልክላቸዋል፤ እነሱ ካሊፎርኒያ ኮሮና ላይ ይገጣጥሙታል። እስከ 1999 ድረስ እንዲህ ነበር የሄደው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የዚያን ጊዜዎቹን ለይተው ይፈልጓቸዋል። የሚያስቀው ነገር ምን መሰላችሁ? እነዚያ ጊታሮች አሁን በእውነትም አርጅተዋል። 30 ዓመት የሆነው እውነተኛ እርጅና በፋብሪካው እርጅና ላይ ተደርቦ፣ የትኛው ጭረት የማን እንደሆነ ባለቤቱም አይለየውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ደረጃ ወጣለት። ሳይነካ የተቀመጠ የሚመስል አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ የኖረ የሚመስል አለ። ከዚያ ሬሊክ፣ ከዚያ ሄቪ ሬሊክ። በ2009 ሜክሲኮ እንሴናዳ ላይ ሮድ ዎርን የሚባለውን በርከት አድርገው መሥራት ጀመሩ፤ ኪሱ ለሳሳ ሰው መሆኑ ነው። ሌላው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ደግሞ በ2021 መርፊ ላብን ከፈተ። ስሙ የቶም መርፊ ነው፤ ሰውዬው ሌስ ፖል የሚባለውን የጊብሰን ጊታር በማስረጀት ለዓመታት የታወቀ ነው። እዚያም አራት ደረጃ አለ፣ ከአልትራ ላይት እስከ አልትራ ሄቪ። አልትራ ሄቪውን ስታየው የቃጠሎ አደጋ የደረሰበት ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ እኔም ከፒክ ጠፋኝ ጋር ነኝ።

ገመድ_በጣሽ (ስቶክሆልም)

ለኔ ዋናው ጥያቄ የማን ጭረት ነው የሚለው ነው።

አየርላንዳዊውን ጊታሪስት ሮሪ ጋላገርን ውሰዱ። የ1961 ስትራቱን ኮርክ ከተማ በ1963 በ100 ፓውንድ ነው የገዛው። ደብሊን ላይ ተሰርቆበት ዝናብ እየወረደበት ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ከዚያ በላብ ታጥቦ ኖረ። ሰንበርስቱ (ጠርዙ ጠቆር፣ መሀሉ ፈካ ያለው ቀለሙ) ከፊቱ ላይ ተልጦ አልቆ እንጨት በእንጨት ሆነ። ያ ጊታር በጥቅምት 2024 ለንደን ውስጥ ቦናምስ ጨረታ ላይ ከነክፍያው 889,400 ፓውንድ ወጣ። አሁን ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ተሰጥቷል። እሺ፣ ይሄ ጊታር ነው። እያንዳንዱ ልጣጭ ባለቤት አለው።

የኤሪክ ክላፕተን ብላኪ የተባለው ስትራትም እንደዚሁ። በ2004 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ959,500 ዶላር ተሸጠ። በ2006 ፌንደር 275 ቅጂ ሠራለት፤ ሲጋራ ያቃጠለውን ቦታ ሳይቀር። 24,000 ዶላር አንዱ። ክላፕተን ያጨሰውን ሲጋራ ጠባሳ እኔ ጊታር ላይ ምን ይሠራል? እኔ አላጨስም።

ስሙ የሌለው ተራ ሬሊክ ግን ብዙም አያስከፋኝም። ማንንም አልመሰለም። አሮጌ ጊታር ብቻ ነው የመሰለው።

ቀለም_ቀቢው (አዲስ አበባ)

እኔ የምጠግናቸው ጊታሮች ብዙ ስለሆኑ ከሥራው አንጻር ልናገር።

አብዛኛው ሬሊክ የሚያስቀኝ ጭረቱ ቦታውን ስቶ ነው። ጊታር በዘፈቀደ አያረጅም። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ክንዱ የሚያርፈው ከላይ በወፍራሙ ክር በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው። ጀርባው ላይ የቀበቶ መቆለፊያ መሀል አካባቢ ክብ የጭረት ጎጆ ይሠራል። ኔኩ ሜፕል (ፈካ ያለ እንጨት) ከሆነ ፍሬቶቹ (ኔኩ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) መሀል ጥቁር ጥላ ይወጣል። ጥላው ግን እኩል አይሆንም። ኮርድ የሚመታ ሰው የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ፣ ሶሎ የሚወድ ሰው ከ12ኛው አካባቢ ይበዛበታል። ርካሽ ሬሊክ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥላ ታያለህ። ያንን ጊታር የተጫወተው ማን ነው? ሁሉንም ፍሬት እኩል የሚወድ ሰው አላውቅም።

ሌላ ምልክት፦ ቦዲው ሃምሳ ዓመት የተደበደበ ይመስላል፣ የፒክጋርዱ (ከፊት ያለው የፕላስቲክ ሽፋን) ቪዳዎች ግን ያብረቀርቃሉ። ወይም ደግሞ ሁሉም ዝጎ ፍሬቱ አዲስ ነው፣ ክር የበላው ምልክት እንኳ የለውም። ያው ፍሬት ይቀየራል ትሉኛላችሁ። ይቀየራል። ግን ሁሉንም አንድ ላይ ስታየው ታሪኩ አይገጥምም።

ዝገቱንም ላንሳ። ሳድሎቹን (ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች) በአሲድ ጭስ ነው የሚያዝጉት። አንዳንዱ ላይ ከመጠን በላይ ስለሚያዝጉት የሳድሉ ትንንሽ ቪዳ ተጣብቆ አልፈታ ይላል። አክሽኑን (የክሩን ከፍታ) ማስተካከል አትችልም። አሜሪካ ከሆንክ አዲስ ሳድል ታዝዛለህ። አዲስ አበባ ከሆንክ እኔ ጋ ትመጣለህ፣ እኔም ከሌላ ጊታር ፈትቼ ካልሆነ የለኝም እልሃለሁ። ለመልክ ተብሎ የማይፈታ ቪዳ መግዛት ለኔ አይገባኝም።

ሚሚ_ቴሌ

ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን የራሴን አየሁት፣ ሁሉም ይዞራል። ተመስገን።

የኮሌጅ_ልጅ (አዳማ)

ለምን ራሳችን አናስረጀውም? እኔ ርካሽ የቻይና ስትራት አለኝ። በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገው አይሆንም?

ቀለም_ቀቢው

አንተ ልጅ፣ ተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብሃል።

ምክንያቱን ልንገርህ። ያንተ ጊታር የተቀባው ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሪቴን ነው። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ፕላስቲክ በለው። ስትፈትገው ጠርዙ ላይ ነጭ ደረጃ እየሠራ ይቀራል። ስትመታው እንደ ብርጭቆ ቁራጭ ቁራጭ ይላል። የድሮዎቹ የተቀቡት ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነው። እሱ ስስ ነው፤ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ቢጫ ይላል፣ ይሰነጣጠቃል። ሬሊክ የሚያምረው እሱ ላይ ነው። ፌንደር ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስተር ስለዞረ ከዚያ በኋላ የመጡት ጊታሮች ብዙዎቹ ዛሬም ሲያረጁ በደንብ አያረጁም።

አሲዱን ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካው። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ቤት ውስጥ አይሠራም።

የኔኩን ጀርባ ብቻ ለእጅህ እንዲመችህ ከፈለግክ ግን በስስ የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ አብረቅራቂነቱን አንሳለት። ፒክአፑን (ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ ተቀባይ) በፕላስቲክ ሸፍነው፤ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተሰበሰበ ጉድ ይፈላል።

የኮሌጅ_ልጅ

እሺ ጋሼ። ኔኩን ብቻ።

ሚኒያፖሊስ_ብርድ

ስለ ስንጥቁ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ጋ ይሄ ነገር በነጻ ነው የሚሠራው።

ናይትሮ ሲቆይ ይደርቅና ይሰባበራል። እንጨቱና ላከሩ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅባቸው እኩል አይለጠጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ጥር ወር ላይ ጊታርህን መኪና ውስጥ ትተህ ከዚያ ሞቃት ቤት ገብተህ ኬዙን ወዲያው ከከፈትከው፣ ጭልጭል እያለ ሲሰነጠቅ በጆሮህ ልትሰማው ትችላለህ። ለዚህ ነው እዚህ ያለን ሙዚቀኞች ኬዙን ዘግተን የምናቆየው፣ ቀስ ብሎ ቤቱን እስኪለምድ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ስንጥቅ የበዛበት ጊታር «እዚሁ ነው ያረጀው» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ጠይቁት።

አስረጂዎቹ ያንኑ ነው በእጅ የሚያፋጥኑት። አቧራ የሚያነፋ የታመቀ ጋዝ ቆርቆሮ ገልብጠው እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ፈሳሽ ይረጩበታል። ሌሎች በምላጭ ይጭሩታል። በምላጭ የተጫረው ያስታውቃል፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉና ርቀታቸው የተመጣጠነ ነው። ብርድ የሠራው ግን እንደፈለገው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ሌላ ቦታ ይጀምራል።

ፒያሳ_ሥር (አዲስ አበባ)

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ማጭበርበር።

እኛ አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲስ የተሣለ ቅዱስ ሥዕል ጭስ ላይ ተሰቅሎ፣ ጠርዙ ተቆራርጦ፣ «የጎንደር ዘመን ነው» ተብሎ ለቱሪስት ሲሸጥ አይተናል። የጊታሩ ነገር ከዚያ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ፋብሪካው ዕድሜው የውሸት መሆኑን ጽፎ ነው የሚሸጥልህ። ሰርተፊኬት አለው። ከኔኩ ራስ ጀርባ ማኅተም አለው። የመጀመሪያው ገዢ ምን እንደገዛ ያውቃል።

ችግሩ የሚመጣው ጊታሩ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ጋ ሲደርስ ነው። ማኅተሙ ተፍቆ ይነሳል። ወረቀቱ «ጠፋ» ይባላል። ከዚያ «የ1963 ነው፣ ከአንድ አሮጊት ቤት ነው የተገኘ» ይሆናል። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ተብሎ ከአንድ ሻጭ ገዝቶ፣ ፒክጋርዱን ሲከፍተው የፖቱ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ቁጥር ላይ ያለው ዓመት 76 ነበር።

ቁጥሩን ለማታውቁት፦ ፖቱ ጀርባ ላይ ለምሳሌ 1377633 ተጽፎ ብታገኙ፣ 137 የአምራቹ የሲቲኤስ መለያ ነው፣ 76 ዓመቱ ነው፣ 33 የዓመቱ ሳምንት ነው። ፖት ይቀየራል፣ እሺ። ግን ሦስቱም ፖት ተቀይሮ ሻጩ አላወቀም?

ሌላው የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ጨለማ ክፍል ገብታችሁ ያረጀ ናይትሮ ላይ ስታበሩ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። አዲስ ላከር እንደዚያ አያበራም። የተነካካ ቦታ ደግሞ እንደ ጥላሸት ተለይቶ ይወጣል። መብራቱ ርካሽ ነው፣ ቁልፍ ማንጠልጠያ የሚያክል አለ።

ስለዚህ የሬሊክ ተቃዋሚ አይደለሁም። ያልተነገረለት ሬሊክ ተቃዋሚ ነኝ።

ገመድ_በጣሽ

ይሄ ላይ ላይክ ማድረጊያ ቢኖር አሥር ጊዜ እነካው ነበር።

ጥያቄ_አለኝ (ዱባይ)

ድምፁስ? ያረጀው የተሻለ ይጮኻል የሚሉ አሉ።

ቀለም_ቀቢው

ጭረት ድምፅ የለውም። ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ክሩ፣ ፒክአፑ፣ አምፕህና እጅህ ናቸው የሚናገሩት። ከስተም ሾፕ ሬሊክ ጥሩ የሚጮኸው ፒክአፑ ጥሩ ስለሆነና ፍሬቱ በጥንቃቄ ስለተስተካከለ ነው። ያንኑ ጊታር ሳይላጥ ቢሰጡህ ያው ነው የሚጮኸው።

ፒክ_ጠፋኝ

በመጨረሻ አንድ እውነት።

ሚሚ_ቴሌ

ግን ፒክ ጠፋኝ፣ አንድ ነገር አልመለስክልኝም። ሰው አሮጌ ጊታር ሲይዝ ሌላ ዓይነት ይጫወታል። እኔ አዲሱን ስይዝ እጠነቀቃለሁ፣ ይሄንን ስይዝ እለቀዋለሁ። አእምሮ ነው በለኝ። ሙዚቃም አእምሮ ነው።

ፒክ_ጠፋኝ

ይሄን አልከራከርም። የኔው አዲስ ጊታር ላይ ግን አእምሮዬ በነጻ ነው የተለቀቀው።

ሰባተኛ_ፍሬት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጣም ጠቅማችሁኛል። ሰውዬውን ደውዬለታለሁ፤ ሰርተፊኬቱም ኬዙም አለ ብሏል። ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ምን ምን ልይ? ባጭሩ ንገሩኝ፣ እዚያ ስደርስ እደነግጣለሁ።

ቀለም_ቀቢው

0.050 ኢንች የሆነች «አለን» የምትባል ትንሽ ባለስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይዘህ ሂድ። የሳድሉን ቪዳዎች አንድ በአንድ ሞክራቸው፣ ሁሉም መዞር አለባቸው። አንዱ እንኳ ከተጣበቀ የሳድሉን ዋጋ ከሒሳቡ አስቀንስ። ኔኩን ከራሱ በኩል አይተህ ቀጥ ማለቱን አረጋግጥ። እያንዳንዱ ፍሬት ላይ እያንዳንዱን ክር ምታ፤ የሚንጫጫ ካለ ሰውዬው እየሰማ ድገመው። የጊታሩን መለያ ቁጥር ከሰርተፊኬቱ ጋር አስተያይ። ልጣጩን አትየው፣ እሱን አስቀድመህ አይተኸዋል።

የድሮው_ቤዝ

ቆመህም ሞክረው፣ ተቀምጠህ ብቻ አይደለም። ክብደቱ ትከሻህ ላይ ነው የሚታወቀው። ሰውዬው ቡና ካቀረበልህ ጠጣ፣ ዋጋውን ግን ከቡናው በፊት ጨርስ።

ሚሚ_ቴሌ

ከገዛኸው ፎቶ ለጥፍ። ለእናትህ ግን አዲሱን ነው የገዛሁት በላት።

ፒክ_ጠፋኝ

ካልገዛኸው የሰውዬውን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለጓደኛዬ ነው።